64 በመቶ

ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሲያትልን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አይዘንብ፣ አያባራ። እንዲህ ባለ ቀን አልከፋም፣ ደስም አይለኝም። ብቻ ነገር ነገር ይለኛል። ምጣዴ ተቃጥሎ ነበርና አዲስ ልገዛ ሀበሻ ሱቅ ሄድኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጣድ። ደረሰኙን ያየሁት መኪና ውስጥ ገብቼ ነው። በርበሬውና ሽሮው ምግብ ስለሆኑ ታክስ የለባቸውም። ምጣዱ ላይ ግን ከ20 ዶላር በላይ ታክስ ተቆልሎበታል።

20 ዶላር አይገድለኝም። ግን ሞተሩን ሳላስነሳ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፦ የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስም ይህን ምጣድ ቢገዛ ታክሱ ያው ነው። (እንጀራ ሲጋግር በዓይነ ህሊናዬ መጣብኝና ብቻዬን ሳቅኩ።)

ዋሽንግተን ስቴት ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆርጥም። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ በዚህ ይደሰታል። እኔም ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ለስቴቷ ሲቆረጥባት፣ ብልጥ የሆንኩ ይመስል ስኩራራባት ኖሬያለሁ። ስቴቱ ግን አየር በልቶ አያድርም። ከሚኖርባቸው ነገሮች ዋናው የሽያጭ ታክስ ነው፤ ሲያትል ላይ ከ10 በመቶ ያልፋል። በ2018 አንድ የታክስ ጥናት ተቋም ሲያሰላው፣ እዚህ ስቴት ዝቅተኛ ገቢ ያለው አንድ አምስተኛው ሕዝብ ከገቢው 17.8 በመቶ ለስቴቱና ለከተማው ይገብራል። ከላይ የተቀመጡት 1 በመቶዎቹስ? 3 በመቶ። ያኔ ከ50ዎቹ ስቴቶች ሁሉ ድሃ ላይ የሚከብደው የእኛው ነበር።

በዚያው በ2018 አማዞን አሜሪካ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አትርፎ ለፌዴራል መንግሥት የከፈለው የገቢ ግብር ዜሮ ነው። ሕገ ወጥ ነገር አልሠራም። ለሠራተኞቹ የሚሰጠው አክሲዮን ዋጋው ሲወጣ ለኩባንያው እንደ ወጪ ይያዝለታል፣ ለምርምር ያወጣው ገንዘብ ይታሰብለታል፣ የገዛው ማሽን እርጅና ቶሎ ይቀነስለታል። የ2017ቱ ሕግ የኩባንያዎችን ግብር ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ አወረደ። ያው ሕግ እንደ እኔ ያለው ደሞዝተኛ ለዩኒፎርሙ ያወጣትን እንዳያስቀንስ ከለከለ። ይህን የነገረኝ ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ ነው። የነርሲንግ ሆም ጫማዬን ደረሰኝ ይዤ ሄጄ፣ አየት አደረገና በትህትና መለሰልኝ።

እኛ ሀበሾች ይህ ሲነሳ አንድ መልስ አለን፤ "ፖለቲከኞቹን ገዝተዋቸዋል" እንላለን። ይገዛሉ፣ እሱ አይካድም። በ2013 የስቴቱ ሕግ አውጪዎች በአስቸኳይ ተጠርተው በሦስት ቀን ውስጥ ለቦይንግ እስከ 2040 የሚዘልቅ የ8.7 ቢሊዮን ዶላር የግብር ቅናሽ አጸደቁለት። 777X የተባለውን አዲሱን አውሮፕላን እዚሁ ይሥራልን ብለው ነው። በ2020 ቦይንግ የሌላውን አውሮፕላኑን፣ የ787ን ሥራ ጠቅልሎ ወደ ሳውዝ ካሮላይና እንደሚወስድ አስታወቀ። ከተማችንስ? በሜይ 2018 ምክር ቤቱ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሠራተኛ 275 ዶላር በዓመት ይክፈሉ፣ ገንዘቡም ቤት ለሌላቸው ይዋል ብሎ 9 ለ 0 ወሰነ። አማዞን ገና ከውሳኔው በፊት የአንድ ሕንፃውን ዕቅድ አቁሞ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ያው ምክር ቤት 7 ለ 2 ሻረው።

ያን ሰሞን ሱፐርማርኬት በር ላይ ፊርማ የሚያሰባስብ ልጅ አስቆመኝ። "ሥራ ላይ ግብር ይጣል ትያለሽ?" አለኝ። ዘመቻውን የሰየሙት እንደዚያ ነበር፣ "ሥራ ላይ ግብር አይጣል"። ማን ነው ሥራ ላይ ግብር ይጣል የሚል? ፈርሜ ይሆን? የፈረምኩ አይመስለኝም። አልምልም ግን።

ዛሬ አእምሮዬን የያዘው ግን እሱ አይደለም፣ የ2010ሩ ነው። ያኔ የገቢ ግብር ሊጀመር ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። የሚመለከተው በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኘውን ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ400 ሺህ በላይ። በምትኩ የስቴቱ የንብረት ግብር 20 በመቶ ይቀንሳል፣ ለትንንሽ ነጋዴም ይቀልለታል። የማይክሮሶፍቱ የቢል ጌትስ አባት ደጋፊ ነበሩ። የ84 ዓመት ሽማግሌ፣ ሀብታሙን ልናጠልቀው አይደለም ብለው፣ ከነልብሳቸው ውሃ ውስጥ ሲወድቁ በቴሌቪዥን ታዩ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ያኔ የማይክሮሶፍት አለቃ የነበረው ስቲቭ ባልመርና ቤዞስ፤ ሁለቱም ኪሳቸው ገብተው ለተቃውሞው ሰጥተዋል። ከመራጩ 64 በመቶው "አይሆንም" አለ። እስቲ ቁጠሩት። ከመቶ መራጭ ስንቱ ነው 200 ሺህ ዶላር የሚያገኘው?

ከ64ቱ አንዱን አውቃቸዋለሁ። ጋሽ መ. ናቸው፣ አንዳንዶቻችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ያኔ ኤርፖርት ታክሲ ይነዱ ነበር፣ ሁለት ልጅ፣ የኪራይ ቤት። አንድ ለቅሶ ቤት ቡና እያዞርኩ "እርስዎን በምን ነክቶዎት ነው?" አልኳቸው። "አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "ዛሬ ከ200 ሺህ ይጀምሩታል፣ ነገ እኔ ጋ ይደርሳል። መንግሥት ኪስ ውስጥ እጁን አንዴ ካስገባ ያወጣዋል?"

ልስቅባቸው አልቻልኩም። አባታቸው ደሴ ሱቅ ነበራቸው። ገማቾቹ ይመጣሉ፣ መደርደሪያውን በዓይናቸው ይለኩታል፣ ያሻቸውን ጽፈው ይሄዳሉ። ጋሽ መ. ያደጉት የዚያን ወረቀት ፍርሃት እያዩ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. (በፈረንጁ 2017) አገር ቤት የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ ስንቱ ሱቁን ሲዘጋ ደወሉልኝ። "አላልኩሽም?" ብለው ዘጉት። የ2010ሩ የቴሌቪዥን ማስታወቂያም ያላቸው ይህንኑ ነበር፤ ሁለት ዓመት ይቆይና ሕግ አውጪዎቹ ሁላችሁም ላይ ይጭኑታል ነው የሚለው። ፍርሃቱ የጋሽ መ. ነው፣ የማስታወቂያው ገንዘብ የእነቤዞስ። ሁለቱ ተጋቡ።

ለዚህ ነው "ገዙን" የሚለው ቃል ዛሬ ያልዋጠልኝ። ጋሽ መ.ን ማንም አልገዛቸውም። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

ገንዘቡ ፊት ለፊት ሲመጣማ መራጩ እምቢ ይላል፣ አይተነዋል። በ2019 አማዞን ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ 1.5 ሚሊዮን ዶላር በንግድ ምክር ቤቱ የፖለቲካ ኮሚቴ በኩል አወጣ። አብዛኛው የመጣው ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። እጅ መንሻ በጠራራ ፀሐይ! ከተማው ተቆጣ። ከደገፏቸው እጩዎች ብዙዎቹ ወደቁ። በምርጫው ማታ እየተመራች የነበረችው የአማዞን ተቃዋሚ፣ የምክር ቤት አባሏ ክሻማ ሳዋንት እንኳ ዘግይተው በተቆጠሩት ድምፆች አለፈች። በዓመቱ ምክር ቤቱ ትልልቅ ደሞዝ የሚከፍሉ ኩባንያዎች ላይ ግብር ጣለ፤ እስካሁንም አልተሻረም።

በ2024 ደግሞ ሌላ መጣ። ስቴቱ ከሩብ ሚሊዮን ዶላር በላይ የአክሲዮን ትርፍ ላይ የጣለው 7 በመቶ ግብር ይሻር ተብሎ ለሕዝብ ቀረበ። በዚህ ጊዜ 64 በመቶው "አይሻርም" አለ። ቁጥሩ ያው፣ አቅጣጫው ግልብጥ! ቤዞስ እንኳ ዓመት ቀድሞ ወደ ማያሚ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ፍሎሪዳ ይህ ግብር የለም። የሄድኩት ለወላጆቼ ነው ነው የሚለው፤ እሺ።

ደስ ብሎኝ ጋሽ መ.ን ጠየቅኳቸው። ዘንድሮስ ከ64ቱ ጋር ነዎት?

"ይሻር ነው ያልኩት" አሉኝ።

"ለምን?"

"ልጁ አማዞን ገባ አይደል? አክሲዮን ሰጥተውታል።"

"ጋሼ፣ በአንድ ዓመት ሩብ ሚሊዮን ካላተረፈበት እኮ አይነካውም!"

"ነገን ማን ያውቃል" አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ።

ያኔ ፍርሃት ነበር፣ አሁን ተስፋ ሆነ። መልሳቸው ግን ያው። ምን እላቸዋለሁ? ልጁ ይሳካለት እንጂ።

ይልቅ ወደ ራሴ ልምጣ። ከተማችን ከ2017 ጀምሮ ለምርጫ ዘመን ባለ 25 ዶላር 4 ቫውቸር በየቤታችን ይልካል፤ ግሪን ካርድ ላለውም ጭምር። ለምትፈልጉት እጩ ስጡት፣ ባለገንዘብ ብቻ አይናገር ነው ነገሩ። ሙሉ 100 ዶላር! የእኔ የት እንዳለ አውቃለሁ። ኩሽና መሳቢያ ውስጥ፣ ከፒዛ ኩፖን ጋር፣ ቀኑ አልፎበት። ለማን እንደምሰጠው ግራ ገብቶኝ እኮ ነው። ቤዞስ ሠርጉን ቬኒስ እንደደገሰ አውቃለሁ። የመርከቡን ስም አውቃለሁ። የሙሽራዋን ቀሚስ አንገት እንኳ ልስልላችሁ እችላለሁ። የእኔን ሰፈር ምክር ቤት የሚወክለው ሰው ግን... ሴት ትመስለኛለች።