መጀመሪያ ይነገረን፣ ከዚያ እንቅመስ

ከመሥሪያ ቤታችን የምወደው ነገር ቢኖር የምሳ ጠረጴዛው ነው። ማይክሮዌቩ ጋ ወረፋ ይያዛል። ምሳ ዕቃ ይከፈታል። በክዳኑ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ አጠገብ ላለው ይተላለፋል። ቀኑን ሙሉ በኢሜይል ብቻ የምንተዋወቅ ሰዎች እዚያ ስንደርስ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። አዲስ የተቀጠረ ሰው ተግባብቶ ሥራ የሚለምደው ከስብሰባ ይልቅ እዚያ ይመስለኛል። ይህን ጠረጴዛ ልናጣው የደረስንበት ቀን ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ከሽያጭ ክፍል አንድ ባልደረባ አለን። ሥራው ብዙ ያስጉዘዋል፤ በተመለሰ ቁጥር ያልቀመስነውን ነገር ይዞ ይመጣል። ለጋስ ልጅ ነው። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበረው። የምግቡን ስም የሚነግረን ከዋጥነው በኋላ ነው። «ቀድሜ ከነገርኳችሁ አትቀምሱም» ይላል።

እውነት አለው። አብዛኛው መጸየፍ ምላስ ላይ ከመድረሱ በፊት ሐሳብ ውስጥ ይጀምራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። የውሻ ዓይነ ምድር አስመስለው ቸኮሌት ሠሩ። ሰዎቹ ንጹሕ ቸኮሌት መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ፤ ግን ለመብላት ያላቸው ፍላጎት ወረደ። ስለዚህ ልጁ ስሙን የደበቀው ለክፋት አልነበረም። እንድንደፍር ፈልጎ ነው።

የዚያን ቀን ያመጣው ስስ፣ ቡናማ፣ ቅርጭጭ የሚል ብስኩት ነበር። ካርቶኑን መሳቢያው ውስጥ ትቶ ብስኩቱን ብቻ በሳህን አቀረበው። «በሞቴ፣ አንድ አንድ ቅመሱ!» ሁላችንም እጃችንን ሰደድን። ከሒሳብ ክፍል የመጣችው ልጅ ግን ጠየቀችው።

«ሽሪምፕ ነገር የለበትም አይደል? እኔ አለርጂ አለብኝ።»

«ኧረ በፍጹም! የባሕር ነገር አልነካውም።»

አልዋሸም። እሷም አምና በላች። ጣፈጣትና ሁለተኛ አነሳች።

ጥቂት ደቂቃ አልፎ መዳፏን ማከክ ጀመረች። ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ድምፅዋ ተለወጠ። «ጉሮሮዬ እየጠበበኝ ነው» አለች። አንዱ ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። ሌላው መኪና ድረስ በእግሯ ሊወስዳት ክንዷን ያዘ። ያን ጊዜ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አታስነሷት! መርፌሽ የት ነው ልጄ?»

ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሐኪሟ ሁልጊዜ እንድትይዘው ያዘዘላት የአድሬናሊን መርፌ ነው። ልብሷን ሳታወልቅ ጭኗ ላይ ወጋችው። እትዬ እግሯን ዘርግተው አስቀመጧት። እንዲህ ባለ ጊዜ የደም ግፊት በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ማስነሣትና ማስኬድ አደገኛ ነው። እሳቸው ያወቁት የልጅ ልጃቸው ለውዝ ስለማይስማማው ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይህን ተምሯል። አምቡላንስ ተጠራ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ካርቶኑን አምጣው። አሁን!»

ብስኩቱ ውስጥ የፌንጣ ዱቄት ነበረበት። ካርቶኑ ጎን ላይ በደቃቅ ፊደል ማስጠንቀቂያም ተጽፏል። እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ላሉት፣ ለቀንድ አውጣና ለመሰሎቹ፣ በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ በዓይን ለማይታዩ ጥቃቅን ተባዮችም ጭምር አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ ይላል። ይህን ማስጠንቀቂያ የአውሮፓ ኅብረት ለምግብነት በፈቀዳቸው እንደ ፌንጣ ባሉ ነፍሳት ምርቶች ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ጽሑፉ ነበረ፤ ያለው ግን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ፌንጣና ሽሪምፕ፣ አንዱ ሣር ላይ አንዱ ባሕር ውስጥ ቢኖሩም፣ ዘመዳሞች ናቸው። ጡንቻቸው ውስጥ ትሮፖማዮሲን የሚባል በጣም የሚመሳሰል ፕሮቲን አለ። የአለርጂ ሰው ሰውነት አንዱን ከሌላው ላይለይ ይችላል። ፕሮቲኑ ሙቀት ስለሚቋቋም መጥበስም መጋገርም አያጠፋውም። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር፤ ሊያውቅም አይጠበቅበትም። ፌንጣ መሆኑን ቢነግራት ግን እሷ ቢያንስ «ቆይ፣ ላጣራ» የማለት ዕድል ይኖራት ነበር። የምግቡን ስም የያዘው እሱ ነው፤ የሰውነቷን ነገር የምታውቀው እሷ ናት። ሁለቱ ሳይገናኙ ብስኩቱ አፍ ገባ። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሐኪም ቤት ለሰዓታት አቆዩአት፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል ነው። ደህና ሆና ወጣች። ልጁ በሩ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበር የዋለው።

በማግስቱ አለቃችን ምግብ መካፈል ሊከለክል አሰበ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሠራተኛው ሊሞትበት ነበር። ውሳኔው ግን አልተዋጠልኝም። ሰው በየጠረጴዛው ብቻውን አቀርቅሮ ቢበላ ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ይሆናል? ስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። ክርክሩን የቋጩት ግን እትዬ ናቸው። «መካፈሉን አይከልክሉን። መደበቁን ይከልክሉ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ለሌላው የሚቀርብ ምግብ አጠገብ ቁራጭ ወረቀት ይቀመጣል። ምን እንደሆነና ምን እንደገባበት፣ ዘይቱና ማጣፈጫው ሳይቀር ይጻፍበታል። የተገዛ ከሆነ ማሸጊያው አብሮ ይቀርባል። እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ማንኪያ አለው፤ አንዱ ጋ የነበረ ማንኪያ ሌላው ውስጥ ከገባ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። «እንቢ» ያለን ሰው ደግመን አንለምንም። ይህ የመጨረሻው ለብዙዎቻችን ከባድ ነበር።

ወረቀቱ ያላሰብነውን ጥቅም አመጣ። ልጁ አንድ ጊዜ ናቶ ይዞ መጣ፤ ጃፓኖች የሚወዱት፣ ክር የሚስብ፣ እንዲብላላ የተደረገ አኩሪ አተር ነው። አንድ ጎልማሳ ባልደረባችን ወረቀቱን አነበበና ምንም ሳይናገር አለፈው። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ዋርፋሪን የሚባል የደም መርጋት መከላከያ እንደሚወስድ ነገረኝ። ናቶ ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። በድሮው አሠራር ቢሆን ወይ ሳያውቅ ይበላ ነበር፣ ወይ «ለምን አትቀምስም?» ሲባል ሕመሙን በሰው ፊት ለመናገር ይገደድ ነበር። አሁን ማንም ምንም አልጠየቀውም።

የልጁ ስጋት ደግሞ አልደረሰም። ስሙን እያወቅንም እንቀምሳለን። እንዲያውም ቀድሞ ዳር ይቆሙ የነበሩት ናቸው አሁን የሚቀርቡት፤ ምን እንደሚጎርሱ ያውቃሉና። ሰማያዊ ሻጋታ ያለበትን አይብ መጀመሪያ የቀመሰው ድሮ ምንም የማይነካ የጥበቃ ሠራተኛችን ነው። የሒሳብ ክፍሏ ልጅም ወደ ጠረጴዛው ተመልሳለች። የናቶውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ማሸጊያውንም አገላብጣ አይታ ቀመሰች። አልወደደችውም፤ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ለልጁ ነገረችው። እሱም በሚቀጥለው ጉዞ ምን እንደሚያመጣ ከመሄዱ በፊት ጠየቃት።