ሉፐስ ካለብሽ ክትባቱን አትሽሺው

"ክትባት ሉፐስን ይቀሰቅሳል" ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። እኔም ሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት ሕመም፣ አለብኝ። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ስለሆንን በአንቺ ነው የምጽፈው፣ ወንዶቹም አንብቡት።

ፍርሃቱ ይገባኛል። የሰውነትሽ መከላከያ ዞሮ አንቺኑ እያጠቃሽ፣ እሱኑ የሚያነቃ መርፌ ውሰጂ ስትባይ ያስፈራል። ግን የታየውን እንይ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ30 አገራት 696 የሉፐስ ታማሚዎችን የኮቪድ ክትባት ከወሰዱ በኋላ ምን እንደገጠማቸው ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ እንደማንኛውም ሰው ክንዳቸውን አሟቸዋል፣ ደክሟቸዋል፣ አተኩሷቸዋል። ሕመማቸው እንዳገረሸ በሐኪም የተረጋገጠው ግን 21 ናቸው። ከመቶ ሦስት ማለት ነው።

ሁለቱን መለየት ነው ዋናው። የመርፌው ድካምና ቁርጥማት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ካልለቀቀሽ፣ ወይም ጉንጭሽ ላይ ያ የምታውቂው ሽፍታ ከወጣ፣ ሽንትሽ አረፋ ከሠራ፣ ጠዋት ስትነሺ ዓይንሽ ሥር ካበጠ፣ "የክትባቱ ነው፣ ያልፋል" ብለሽ አትቀመጪ። ሉፐሱ አገርሽቶ፣ ኩላሊትሽንም ነክቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክትባቱ በደንብ አለመያዙ ነው። ሪቱክሲማብ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ሜቶትሬክሴት፣ ብዙ ፕሬድኒሶሎን፣ እነዚህ ለሉፐስ የሚሰጡ መድኃኒቶች ሁሉ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠውን መልስ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ መምረጥ ያዋጣል። ለምሳሌ ሪቱክሲማብ ልትጀምሪ ከሆነ ከዚያ በፊት መከተብ ይመረጣል፤ ከጀመርሽ ደግሞ ካለፈው የሪቱክሲማብ ዙር ቢያንስ 6 ወር ቆይቶ፣ ከሚቀጥለው ዙር 4 ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲሆን የአውሮፓ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሜቶትሬክሴት ከሆነ፣ ሕመሙ የተረጋጋላት ሴት ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ሐኪሟ ለ2 ሳምንት ሊያስቆማት ይችላል። ሐኪሟ ነው ያልኩት! ክትባቱ እንዲይዝልኝ ብለሽ በራስሽ መድኃኒት ብታቆሚ ሉፐሱን የምትቀሰቅሺው ያኔ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ግን ለብቻው ይታይ። ውስጡ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ይሁን እንጂ ሕያው ነው፤ የኩፍኝም እንደዚያው። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ካለሽ፣ ለጉዞ ካርዱን አምጪ ስለተባልሽ ብቻ ሮጠሽ አትከተቢ። ለሚከትብሽ ሰው ሉፐስ እንዳለብሽና የምትወስጂውን መድኃኒት በስሙ ንገሪ። በጤና ምክንያት መከተብ እንደማትችዪ የሚገልጽ ደብዳቤ ሐኪምሽ ይጻፍልሽ፣ ትኬት ከመቁረጥሽም በፊት የምትሄጂበት አገር ይቀበለው እንደሆነ ኤምባሲውን ጠይቂ።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ የፖሊዮ ጠብታ ሲወስድ ውስጡ ያለው ሕያው ቫይረስ ለሳምንታት በሰገራው ይወጣል። ይህንንም ለሐኪምሽ አንሺለት፤ እስከዚያው ዳይፐሩን ሌላ ሰው ይቀይርልሽ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።