ከዲፌንስ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት

ጅማ፣ ሰኔ መጀመሪያ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። በዚህ ሰሞን የማስተርስ ተማሪው ሐሳብ ሁሉ አንድ ነው፤ ቴሲሱን (የመመረቂያ ጽሑፉን) አስረክቦ፣ ዲፌንሱን (በፈታኞች ፊት መከላከሉን) ጨርሶ መገላገል። ዓለም አቀፍ ኢንተርንሽፕ፣ ፌሎሺፕ ወይም ሥራ መፈለጉ “ከተመረቅኩ በኋላ” ተብሎ ይቀጠራል። ይህ ቀጠሮ በጣም ያሳስበኛል። ጎበዝ የኅብረተሰብ ጤና ተመራቂዎችን ከውድድር የሚያስወጣቸው ከዕውቀት ማነስ ይልቅ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እያንዳንዱ ዕድል የራሱ ሰዓት አለው፤ ብዙዎቹም መቁጠር የሚጀምሩት ትምህርት ካለቀበት ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኢንተርን አድርጎ የሚቀበለው ዕድሜው ቢያንስ 20 የሞላና በትምህርት ላይ ያለ ተማሪ ነው። የተመረቀ ሰው ማመልከት የሚችለው ትምህርቱን በጨረሰ በ6 ወር ውስጥ ብቻ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት ሥር ባሉት ቢሮዎች፣ አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጨምሮ፣ የተመረቀ ሰው ኢንተርንሽፑን በ1 ዓመት ውስጥ መጀመር አለበት። ዩኒሴፍ ትንሽ ሰፋ ያደርገዋል፤ 2 ዓመት ይሰጣል። የነፃ ትምህርት ዕድሎቹ ደግሞ ነገሩን ይገለብጡታል። የጀርመኑ ዳአድ በልማት ነክ የድኅረ ምረቃ መርሐ ግብሮቹ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ግን ከ6 ዓመት በላይ የቆየ እንዲሆን አይፈልግም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 የሥራ ሰዓት ይቆጥራል።

ነገሩን በእኛ ቀን አቆጣጠር ላስቀምጠው። ትምህርቱን ሰኔ 20 የጨረሰ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት በር የሚዘጋበት ታኅሣሥ 18 ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በማረሚያና በክሊራንስ ያልቃሉ፤ መስከረም ዓውደ ዓመት ነው፤ የቀረው ሁለት ወር ተኩል ቢሆን ነው። የምርቃቱ ቀን ከዲፌንሱ ስለሚርቅ ከምርቃት መቁጠር ያሳስታል። ከዲፌንስ መቁጠር ቢያንስ አያስቀጣም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮርስ አልቆ የቴሲስ መረጃ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ገና ተማሪ ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ ማመልከት ነው። ያኔ ከሬጅስትራር “ተማሪያችን ነው” የሚል ደብዳቤ ማውጣት ይቻላል።

ገንዘቡም ሊታሰብ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢንተርንሽፕ ከ6 እስከ 24 ሳምንት ይቆያል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኖሪያ አበልና ኢንሹራንስ አለው። ከዚያ በፊት ክፍያ ስላልነበረው በአብዛኛው የሚሄዱት ቤተሰባቸው የሚደጉማቸው የሀብታም አገር ልጆች ነበሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ እስከ 2022 ድረስ ከኢንተርኖቹ ቢያንስ ግማሹ ከአዳጊና ከመካከለኛ ገቢ አገሮች እንዲሆኑ የወሰነው ለዚህ ነው። ለእኛ ተማሪ ይህ ውሳኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ስለሱ የሚያወራ ሰው አለመብዛቱ ይቆጨኛል። የሴክሬታሪያቱ ኢንተርንሽፕ ግን እስካሁን አይከፈልበትም። አዲስ አበባ ቢሆንም የሦስት ወር የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ እሺ ማለት አይገባም። የአውሮፕላን ቲኬቱን ማን እንደሚከፍልም ከማስታወቂያው ላይ ማንበብ ነው።

“ዓለም አቀፍ” ሲባል ባሕር ማዶ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከል በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር መቀመጫውን ያደረገው አዲስ አበባ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቪዛ የለውም። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ የአባል አገር ዜጎችን ለ12 ወር ይመድባል። በእንስሳትና በሰው መካከል በሚተላለፉ በሽታዎች ላይ ቴሲስ የሠራ ሰው ዓለም አቀፉን የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪን፣ አዲስ አበባ ላይ ያገኘዋል። በወባ ትንኝና በሌሎች አስተላላፊ ነፍሳት ላይ የሠራ ደግሞ ናይሮቢ ያለውን ኢሲፔን ይመልከት። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የኤፒዴሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ክንፍ የሆነው ኤፒሴንተር ዋና ቢሮው ፓሪስ ቢሆንም ኡጋንዳ ምባራራ ላይ የምርምር ጣቢያ አለው።

ሥራ ሲሆን ደረጃዎቹን ማወቅ ብዙ ድካም ያስቀራል። ፒ2 የሚባለው ዓለም አቀፍ መደብ ማስተርስና ቢያንስ 2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ፒ3 ደግሞ 5 ዓመት። ትናንት የተመረቀ ሰው ሃያ የፒ መደብ ቢሞላ ሃያውም በማጣሪያው ይወድቃል፤ የሚያነበው ሰው እንኳ አያገኝም። ኤንኦኤና ኤንኦቢ የሚባሉት የብሔራዊ ባለሙያ መደቦች ግን ለአገሩ ዜጋ ብቻ የተከለሉ ናቸው። ኢትዮጵያ ላለ ቢሮ ሲወጣ ተወዳዳሪው ኢትዮጵያዊ ብቻ ነው፤ የሚጠየቀው ልምድም ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኝነት ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየ መደብ አለው። ለጀማሪ መግቢያው በእነዚህ በኩል ነው።

የማይከፈቱ በሮችም አሉ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለአባል አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ጄፒኦ የሚባለው የጀማሪ ባለሙያ ፕሮግራም በአብዛኛው ገንዘብ ለሚሰጡ አገሮች ዜጎች ነው፤ ጥቂት መንግሥታት ብቻ ከአዳጊ አገር ለሚመጡ ይከፍታሉ። ማን ማመልከት ይችላል የሚለውን አንቀጽ አስቀድሞ ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደማምንበት ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የጅማ ተማሪ በእጁ ያለውን ሀብት ሲቪው ላይ አያሳየውም። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ ትምህርቱ ማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲመሠረትም ይኸው መንገድ ቀጥሏል። ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ አቀፍ የሥልጠና መርሐ ግብር) ላይ ተማሪው ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባል፣ ችግር ይለያል፣ መፍትሔ ያቅዳል። ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብር) ላይ ከሕክምና፣ ከነርሲንግ፣ ከላቦራቶሪ፣ ከፋርማሲ ልጆች ጋር በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ ላይ ይመደባል። በብዙ አገር ያለ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ይህን ያህል መስክ አይወርድም። እኛ ዘንድ ግን “ያው ሁሉም የሚያልፍበት ነው” ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ “በማኅበረሰብ አቀፍ ሥልጠና ተሳትፌአለሁ።” ይህ ዓረፍተ ነገር ለሚያነበው ሰው ምንም አይነግረውም።

መጻፍ ያለበት ምን ያህል፣ በምን፣ ለማን የሚለው ነው። ለምሳሌ፦ “ከ8 አባላት ቡድን ጋር በ4 ሳምንት ውስጥ የ240 አባወራዎችን የውኃና የመጸዳጃ መረጃ በኮቦ ሰብስቤ፣ በአር አጥርቼና ተንትኜ፣ ውጤቱን ለጤና ጣቢያውና ለቀበሌው አቅርቤአለሁ።” ኮቦ የመረጃ መሰብሰቢያ፣ አር ደግሞ የመተንተኛ ሶፍትዌር ነው። ቁጥሮቹ የራስ፣ እውነተኛ ይሁኑ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እነሱኑ ነው። ዲኤችአይኤስ2 በሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ የሠራ ሰው ደግሞ የሥርዓቱን ስም መጥቀስ አለበት። አገራችን የጤና መረጃዋን የምታስተዳድርበት ሥርዓት በብዙ አዳጊ አገሮችም የሚሠራበት ስለሆነ ቀጣሪው ወዲያው ያውቀዋል። ኤስፒኤስኤስ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ አር ወይም ስታታ ቢጨምር ይመረጣል። አር ነፃ ነው፤ ላይሰንስ አያስፈልገውም።

የጊልጌል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከልም አለ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግድቡ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ስደት ይከታተላል። ቴሲሱን በዚህ መረጃ የሠራ ተማሪ፣ ፈቃድ የማውጣቱና የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማለፉ ሥራ ራሱ ልምድ መሆኑን አይርሳ።

ማስታወቂያ መጠበቅ አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከቤልጅየም የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ቪኤልአይአር በሚባለው የትብብር ተቋማቸው በኩል፣ ከሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋርም ለረጅም ዓመታት አብሮ ሠርቷል። የአማካሪን ጽሑፎች ከፍቶ አብረው የጻፉትን የውጭ ተመራማሪዎች ስም ማውጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አጭር ኢሜይል፤ ከ200 ቃል አይብለጥ። መጀመሪያ ከጽሑፋቸው አንዱንና በእሱ ላይ የተነሳ አንድ እውነተኛ ጥያቄ፣ ቀጥሎ የራስን ቴሲስ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻ ላይ የተለየ ጥያቄ፦ “ለሦስት ወር በርቀት መረጃ በመተንተን ማገዝ እችላለሁ?” ሲቪው ሁለት ገጽ። ከመላክ በፊት አማካሪን ማስፈቀድ ጨዋነትም ነው፣ ይጠቅማልም፤ ሰውየው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቆ አንድ ማስታወሻ መላክ ደግ ነው፤ ሦስተኛ ግን አይላክም። “ክቡር ሆይ” ብሎ ለሃምሳ ሰው የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

ሪኮመንዴሽን ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ነው። ፎርሙ የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ተማሪው መምህሩ ዘወትር የሚጠቀምበትን ጂሜይል ያስገባል፤ ሲስተሙ አይቀበልም ወይም አይታመንም። የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ ሲያስገባ ደግሞ መምህሩ ያንን ሳጥን አይከፍተውም። ስለዚህ አስቀድሞ “ጋሼ፣ የትኛውን ኢሜይል ላስገባ? ሊንኩ ዛሬ ማታ ይደርስዎታል፣ ስፓም ውስጥም ይዩልኝ” ብሎ መደወል ነው። አምስት ሳምንት አስቀድሞ መጠየቅ፣ ማስታወቂያውን፣ ሲቪውንና ደብዳቤው ላይ እንዲነሱ የሚፈለጉ ሦስት ነጥቦችን አብሮ መስጠት ያስፈልጋል። ሥራ የበዛበት መምህር ያለ እነዚህ የሚጽፈው “ትጉህና ሥነ ሥርዓት ያለው ተማሪ ነው” የሚል ነው፤ እሱ ደግሞ ማንንም አያስመርጥም።

ስምም ጣጣ አለው። ፎርሙ “የቤተሰብ ስም” ሲል የአባት ነው ወይስ የአያት? መልሱ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ በዲግሪው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ፣ በታተመው ጽሑፍ ሌላ ከሆነ ሦስት ሰው ሆኖ ይታያል። ገና ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ኦርኪድ የሚባለውን ነፃ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣትና አጻጻፉን አንድ ማድረግ ይሻላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የምርቃት ቀንም በእነሱ መቀየር አለበት። 2017 ብሎ የሞላ ሰው ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈው ይመስልና ቅድም ባልኩት የስድስት ወር ሰዓት ይወድቃል።

የመዝጊያ ሰዓት ላይም እንደዚሁ። ጄኔቫ ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው እዚህ በበጋቸው ከሌሊቱ 6:59፣ በክረምታቸው 7:59 ነው። የኒውዮርክ 5 ፒኤም ደግሞ ለእኛ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰሞን እስከዚያ መቆየት ትርፍ የለውም። መልሶቹን ሁሉ መጀመሪያ በወርድ ጽፎ፣ ከሁለት ቀን በፊት ገልብጦ ማስገባት ነው፤ ፎርሙ መሐል ላይ ከተቋረጠ የተጻፈው አብሮ ይጠፋል።

ከሰነድ ወገን የሚያዘገየው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ኮስት ሼሪንግ ያልተከፈለ ከሆነ አይወጣም፤ በጤና ቢሮ ስፖንሰርነት የተማረ ደግሞ የአገልግሎት ግዴታ ስላለበት የመሥሪያ ቤቱን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ አለበት። ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይገባል። ከ90 ቀን ለሚበልጥ ቆይታ ግን ሼንገን አይበቃም፤ የአገሩ የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው፣ እሱም ብዙ ሳምንት ይፈጃል።

ዘመኑ ከባድ መሆኑን አልሸሽግም። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት ለመውጣት ወሰነች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን በእነሱ አቆጣጠር ዩኤስኤአይዲ የውጭ ዕርዳታ ሥራውን አቆመ። የኛ ተመራቂዎች በክትትልና ግምገማ ባለሙያነት ይገቡባቸው የነበሩ ፕሮጀክቶች ተዘግተዋል፤ ያኔ ከሥራ የወጡ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ለአንድ ቦታ አብረው ይወዳደራሉ። ያሳዝናል። ማስታወቂያ ሲፈለግ ዛሬም ሪሊፍዌብ፣ የድርጅቶቹ የራሳቸው የቅጥር ገጾችና ኢትዮጆብስ አሉ፤ ሳምንት ሁለቴ ማየት ይበቃል። ለምዝገባ፣ ለቃለ መጠይቅ ወይም ለሥልጠና ብር አስገቡ የሚል በቴሌግራም የሚዞር ማስታወቂያ ግን ሌብነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በቅጥር ሂደት በየትኛውም ደረጃ ክፍያ አይጠይቁም።

መልስ የሌለው ማመልከቻ ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ላልተመረጠ ሰው አይጽፉም። በመጠበቁ ጊዜ የሚሠራው ቴሲሱን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው። የመቶ ገጽ ቴሲስ 3,500 ቃል ገደማ ይሆናል፤ ከአምስት ዓላማዎች አንዱ ብቻ ይመረጣል፤ ዳሰሳው ወደ ሁለት አንቀጽ ይወርዳል፤ ሠንጠረዦቹ ከአራት አይበልጡም። ጅማ ራሱ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት እዚሁ ደጃችን ነው። አማካሪው ዲፌንሱን ሳይረሳው፣ መረጃውም ገና በእጅ እያለ፣ በሐምሌ ዝናብ የተጀመረ ጽሑፍ ለኅዳር ማመልከቻ “ለኅትመት የቀረበ” ተብሎ ሲቪው ላይ ይገባል።