ከ«ዜድ9» በኋላ ምን ይመጣል? ኮድ ማስቆጠር የተማርኩበት ሳምንት

ሰላም ጓዶች። ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ይህን ሳምንት ሙሉ ጊዜዬን የበላችው ግን አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ፊደልና ቁጥር ያለበት አጭር ኮድ ይፈልጋል። ኤ0፣ ኤ1 እያለ ይሄድና ከኤ9 በኋላ ቢ0 ይላል። ፊደሎቹ የላቲን ትልልቆቹ ናቸው፣ እዚህ በአጠራራቸው ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ ላይ በጣም ቀሎኝ ነበር። ፒኤችፒ ስትሪንግ (የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ) ላይ ሁለት የመደመር ምልክት ስታደርጉ ራሱ ይቆጥርላችኋል፦ ኤ9 ቢ0 ይሆናል፣ ዜድ9 ደግሞ ኤኤ0። ነገሩ ፐርል ከሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተወረሰ ነው። ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ኤ9 ላይ 1 ስትደምሩ ኤ91 ይላችኋል፣ ከጎኑ ይቀጥለዋል እንጂ አይቆጥረውም።

እኔም ዳታቤዙን (መረጃው የሚቀመጥበትን ቋት) «ትልቁ ኮድ የቱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ የመጣልኝን አንድ ከፍ አደርግና አስቀምጣለሁ። በቃ። ሠላሳ ዕቃ አስገብቼ ሞከርኩት፣ ሠራ። ከዚያ ምን ያህል እንደሚችል ልየው ብዬ በሉፕ (ኮዱን ደጋግሞ በሚያስኬድ ዙር) 300 ዕቃ ስለቅበት 262ኛው ላይ ቀጥ አለ። ኤረሩ ኤኤ0 ቀድሞ ተመዝግቧል ይላል።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቆጠራው ልክ ነው። 26 ፊደል በ10 አኃዝ ሲባዛ 260 ስለሆነ 260ኛው ዕቃ ዜድ9 ነው፣ 261ኛው ኤኤ0። የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው። ዳታቤዙ ስትሪንግ የሚያወዳድረው ከግራ ጀምሮ ፊደል በፊደል ነው፣ ርዝመቱ ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ለእሱ ዜድ9 ምንጊዜም ከኤኤ0 ይበልጣል። «ትልቁ» ስለው ዜድ9ን ያመጣልኛል፣ እኔ እንደገና ኤኤ0 አደርገዋለሁ፣ እንዲህ እያለ ማለቂያ የለውም። ኮዱ እንዳይደገም ዓምዱ ላይ ገደብ ባላስቀምጥ ኖሮ ከ261ኛው በኋላ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ ኮድ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ይህን ገደብ እባካችሁ አትዝለሉት።

ታዲያ ርዝመቱን እኩል ላድርገው ብዬ ከ0ኤ0 የሚነሳ ባለ ሦስት ቦታ ኮድ ሠራሁ። ይሄኛው ደግሞ 42ኛው ላይ ተበላሸ! 0ዲ9 ወደ 0ኢ0 ይሄዳል፣ እስከዚህ ደህና ነው። ችግሩ 0ኢ0 ለፒኤችፒ ቁጥር ነው፤ ኢ በሳይንሳዊ አጻጻፍ «በ10 ርቢ» ማለት ስለሆነ ዜሮ ብሎ ያነበውና አንድ ሲደምርበት ቀጣዩ ኮድ ባዶ 1 ይሆናል። ምንም ኤረር ሳያሳይ። ይህን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ነበር። ፒኤችፒ 8.3 ላይ የገባው ስትር ኢንክሪመንት የሚባለው ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይህ ችግር የለበትም፣ 0ኢ0ን 0ኢ1 ያደርገዋል። ወደ ኋላ የሚቆጥር ስትር ዲክሪመንት የሚባል ጓደኛም አለው። በሁለት የመቀነስ ምልክትማ እንደ ቢ0 ያለ ኮድ ንቅንቅ አይልም።

አሁን የያዝኩት መንገድ ሌላ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የማስቀምጠው ተራ ቁጥር ብቻ ነው፣ ራሱ ዳታቤዙ ይጨምረዋል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢመዘግብም አይጋጭም። ኮዱን ከቁጥሩ አወጣዋለሁ። የመጨረሻውን አኃዝ ቁጥሩን ለ10 አካፍዬ ከቀሪው አገኛለሁ፣ ድርሻው ላይ 1 ደምሬ ወደ ፊደል እቀይረዋለሁ። እዚህ ፊደሉ ላይ ነው ብዙ የተደናበርኩት። በ10 ፈንታ በ26 ምልክት ከሚቆጥር የ26 ቤት ቁጥር ጋር ይመሳሰላል ግን ዜሮ የለውም፣ ኤ 1 ነው፣ ዜድ 26፣ ኤኤ 27። ስለዚህ ሉፑ በዞረ ቁጥር መጀመሪያ 1 መቀነስ አለባችሁ፣ ከዚያ ለ26 አካፍሎ ቀሪውን ፊደል ማድረግ፣ በድርሻው መቀጠል፣ ዜሮ ሲሆን ማቆም። ፊደሎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚወጡት። መቀነሷን ስረሳ ዜድ የሚባል ፊደል ጭራሽ አልወጣልኝም ነበር።

መፈተሻ ከፈለጋችሁ ኤክሴልን ተጠቀሙ፣ የዓምዶቹ ስም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄደው። የመጨረሻው ዓምድ ኤክስኤፍዲ ነው፣ ቁጥሩ 16,384። ፋንክሽኔ 16,384 ሰጥቼው ኤክስኤፍዲ ሲለኝ ብድግ አልኩ!

በነገራችን ላይ በእኛ ፊደልም ሞክሬው ነበር። ሀ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) 4608 ነው፣ አንድ ስትጨምሩበት ለ አይመጣም፣ ሁ ነው የሚመጣው። ለ 4616 ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሀ ወደ ለ ለመሄድ ስምንት መዝለል ነው።

ቀጥሎ «ኦ» እና «አይ» የሚባሉትን የላቲን ፊደሎች ላወጣቸው ነው፣ ሲታተሙ ከ0 እና ከ1 ጋር ይምታታሉ። ያኔ 24 ፊደል ይቀራል፣ ማካፈያውም 24 ይሆናል፣ 241ኛው ዕቃ ላይ ኤኤ0 ይመጣል። ከኮዱ ወደ ቁጥሩ የሚመልሰውን ፋንክሽን ገና አልጨረስኩም፤ የሠራችሁት ካላችሁ ትንሽ ፊደል የሚጽፍ ተጠቃሚን እንዴት እንደያዛችሁት ንገሩኝ።