ከትራክ የተረፈ የተቃጠለ ዘይት

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ስለ ፍጥነት አይደለም፤ ከፍጥነቱ በኋላ ስለሚቀረው ጥቁር ዘይት ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ትራክ ወርዶ ቅዳሜና እሁድ ሞተሩን ሲያስጮህ የዋለ ሰው ዘይት ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። ሙቀቱ አለ፣ ወደ ዘይቱ ሾልኮ የሚገባው ቤንዚን አለ። ጋራዥ ውስጥ ጄሪካኑ ይደረደራል።

ማስረከቡ ቀላል ነው። እዚህ ቨርጂኒያ እነ አውቶዞን ከግለሰብ በነፃ ይቀበላሉ። ጣጣው ሌላ ነገር የተቀላቀለበት እንደሆነ ነው፤ ያኔ አይቀበሉም። እኛ ደግሞ ዘይት በቀየርንበት ማታ የፍሬን ዘይትም እንቀይራለን። "ያው ቆሻሻ አይደል" ብሎ አንድ ላይ መገልበጥ ያምራል። ከሁሉ የሚብሰው ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነው። በአሜሪካ ደንብ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከ1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) በላይ ሃሎጅን፣ ማለትም ክሎሪንና መሰሎቹ፣ ከተገኘ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይገመታል። አሁን ክሎሪን የሌለበትን ነው የምገዛው፣ እሱንም ቢሆን ዘይት መቀበያው ሳህን አጠገብ አልነፋም። ዘይቱን አዲሱ በመጣበት ባዶ ዕቃ መልሼ እሞላና በማርከር "ዘይት ብቻ" ብዬ እጽፍበታለሁ።

አንድ አጎቴ "ዘይቱን ለአጥሩ እንጨት መቀቢያ ስጠኝ እንጂ፣ ምስጥ አይነካውም" አሉኝ። አገር ቤት የለመድነው ነው። "ይቅርብዎት ጋሼ፣ ዝናብ ሲመጣ አፈር ውስጥ ነው የሚገባው" አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ግን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ ጊዜ ቅያሪ የሚወጣ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል ይላል። ትራኩ ያለበት አካባቢ ደግሞ የኖራ ድንጋይ መሬት ነው፤ የፈሰሰው ነገር በስንጥቁ ቶሎ ይሰርጋል። በዚያው አካባቢ የሚያልፈው የሼናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ወንዝ የሚገናኘው ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ነው፣ ዲሲ የምትጠጣው ፖቶማክን ነው። ስለዚህ ትራክ ላይ ዘይት ብቀይር እንኳ ይዤው እመለሳለሁ።

የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ላይ ነው ብዙ የተማርኩት። ሞተሩ ገና ሙቅ ሳለ አወጣዋለሁ፣ ጉልላቱን እበሳዋለሁ፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ደፍቼ አንጠፈጥፈዋለሁ። ከዚያ ቆርጬ ወረቀቱን እጥፉን እየገለጥኩ በባትሪ አያለሁ። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው። ማግኔት የማይስበው፣ መዳብ የሚመስል ብልጭታ ካየሁ ግን ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ሽፋን) እየተበላ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩ ውድድር ይቀራል። ዘይቱን በወጉ ማንጠፍጠፍ ለሞተሩም ምርመራ ሆነልኝ ማለት ነው። የተንጠፈጠፈውን ፊልትሮ ዘይቱን የሚቀበለው ቦታ ሁሉ አይወስድም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

አሁን የቀረኝ የፍሬን ዘይቱ ነው። ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ አለ፣ ካውንቲው የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ በሚቀበልበት ቀን እወስደዋለሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚደረገው?