ፎርዱ ወይስ ማሲው?

ዘንድሮ እንቅልፍ የነሱኝ ሁለት አሮጌ ትራክተሮች ናቸው። እርሻ የለኝም። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ጓሮዬ ያለችው መሬት ጎመንና ቃሪያ ተተክሎባት ዶማ እንኳ ይበዛባታል። ግን ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው የድሮ ቮልስ ይሰበስባል፣ እኔን ደግሞ ትራክተር አማረኝ። ለባለቤቴ ስነግራት "የአሻንጉሊቱን ነው?" አለችኝ።

ነገሩ የመጣው ከአባቴ ነው። አርሲ ውስጥ የትራክተር ኦፕሬተር ነበር፤ በጃንሆይ ጊዜ ሰፊ መሬት ለነበራቸው ሰው፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ በመንግሥት እርሻ። የሶቪየቱ ቤላሩስ መጥቶ እስኪተካው ድረስ የሚነዳው ቀዩን ማሲ ፈርጉሰን ነበር። የባለ ሦስት ሲሊንደሩን የፐርኪንስ ሞተር ድምፅ በእንቅልፍ ልቤ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፤ ለብዙ የጭላሎ ሰው ይሄ ድምፅ የሚናፈቅ አይደለም። ትራክተር ሲገባ ጢሰኛው ከመሬቱ ተነስቷል። ከተነሱት አንዱ የአያቴ ወንድም ናቸው፣ መሬቱን በኋላ ያረሰው ደግሞ አባቴ ነው፣ በደሞዝ። ስለዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ብዙ አይወራም።

ወደ ግዢው ልመለስ። መጀመሪያ አራት ነበሩ። ፋርሞል ኤች ቆንጆ ነው፣ ግን ብዙዎቹ የፊት ጎማቸው ሁለቱ ተጠጋግተው መሀል ላይ ነው ያሉት፣ ተዳፋት ላይ ያስፈራኛል። ጆን ዲር ቢ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው፣ ፍሪሲዮኑ በእጅ ነው፣ ድምፁ ቶፕ ቶፕ እያለ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የሚወዱት ሰዎች እንደ ታቦት ነው የሚያጅቡት። እኔን አልያዘኝም። ቀሩ ሁለት፦ ፎርድ ኤይት ኤንና ማሲ ፈርጉሰን 135።

እነዚህ ሁለቱ የተጣላ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሃሪ ፈርጉሰን የሚባለው የአየርላንድ ሰው ማረሻን ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ክንድ አያይዞ በሃይድሮሊክ የሚያነሳ ዘዴ ፈጠረ። ከዚያ በፊት ማረሻው ከኋላ ታስሮ ነበር የሚጎተተው። ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲይዘው የትራክተሩ አፍንጫ ሽቅብ ይነሳና ወደ ኋላ ነጂው ላይ ይገለበጣል፣ ስንቱን ገድሏል። ፈርጉሰን ይሄን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1938 ሄንሪ ፎርድ ዘንድ ሄደ። ተስማሙ፣ ተጨባበጡ፣ አለቀ። ፊርማ የለ፣ ውል የለ። በ1939 ፎርድ ናይን ኤን ወጣ። በኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ኩባንያውን ሲረከብ የቃል ስምምነቱን አፈረሰና በ1947 ኤይት ኤንን ለብቻው ማምረት ጀመረ፣ ያንኑ ሦስት ክንድ ይዞ። ፈርጉሰን ከሰሰ። በ1952 ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተገላገለ። ፈርጉሰን በበኩሉ በዓመቱ ከካናዳው ማሲ ሃሪስ ጋር ተዋሃደ፣ ማሲ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እኛ አገር ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ዋስ ሳይጠራ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም ብዬ ለአባቴ በስልክ ስነግረው፣ "ቆይ፣ ማሲና ፎርድ ዘመድ ናቸው?" ብሎ ከሁሉም የገረመው ይሄ ሆነ።

ኤይት ኤን በአምስት ዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ስለዚህ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ክብደቱ 1,100 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ተራ ፒክአፕ ይጎትተዋል። ለጀማሪ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ሁሉም የሚለው ይሄን ነው፣ እኔም አልክድም። ያየሁት 2,200 ዶላር ተባለ። ከርቀት ሳየው የሠርግ መኪና መሰለኝ፤ ኮፈኑ ግራጫ፣ ሞተሩ ቀይ፣ ሁሉም ያበራል።

ችግሩ የጀመረው ስጠጋ ነው። ሻጩ "በአንዴ ነው የሚነሳው" እያለ ሳይውል ሳያድር ሞተሪኖውን ነካ አደረገው፣ ተነሳ። እኔ ግን ቀድሜ እጄን ሞተሩ ላይ አሳርፌ ነበር። ትኩስ ነው። ጠዋት በብርድ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት አሙቆታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ ማየት ነበር የፈለግኩት። የዘይቱን ዘንግ መዘዝኩ፣ ማኪያቶ። ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ወይ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በሞተሩ ብረቶች መሀል ያለው መዝጊያ፣ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ክረምት ውሃው ሳይፈስ ቀርቶ በረዶ ሆኖ ብሎኩን ሰንጥቆታል። እዚህ አገር ሁለተኛውን ነው መፍራት። ከዚያ ብሎኩ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቁጥሩን ፈለግኩ። ብዙ ኤይት ኤን ላይ የሚመታው ቁጥር ከፊቱና ከኋላው ኮከብ አለው። ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት፣ አንዱ ኮከብ ብቻ ተገኘ፣ ቀሪው ተሞርዷል። ለሚያርስበት ሰው ምንም ማለት አይደለም። ለሰብሳቢ ግን ሊብሬ የሌለው መኪና እንደመግዛት ነው።

ማሲው ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ነበር። 4,500 አሉ። አያምርም። ቀለሙ ወደ ሮዝ ሄዷል፣ የግራው ፓራፋንጎ ተጣሟል፣ ወንበሩ ላይ ድመት ወልዳበታለች። ግን ላሜራው የራሱ ነው፣ ቁጥሩም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሽማግሌው ሞተር ለማስነሳት ኤተር የሚረጭ ጣሳ ይዘው መጡ፣ እባክዎ ያለሱ እንሞክር አልኳቸው። ይሄ ሞተር በብርድ ለመነሳት አየር መግቢያው ላይ ትንሽ ናፍጣ የሚያቃጥል የራሱ ማሞቂያ አለው፣ እሳት ባለበት ኤተር መርጨት ሞትን መጥራት ነው። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙረን ቆጠርን። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ቆመ። ድጋሚ። በሦስተኛው አንዱ ሲሊንደር ያዘ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ስልኬን አውጥቼ አሰላ ደወልኩ። አባቴ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። "ሃይድሮሊኩን አስነሳውና ሞተሩን አጥፋ" አለኝ። ከኋላ የታሰረውን ከባድ የመጥረጊያ ብረት አነሳነው፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ስንቱ ደቂቃ ይቆያል ብለን ጠበቅን። በአራት ደቂቃ መሬት ነካ። "ላስቲኩ አልቋል፣ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ካምቢዮውስ ያ ፈጣኑና ዘገምተኛው አለው?" አዎ፣ አለው አልኩት፤ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ፍጥነት የሚቀይረው ዓይነት ነው። "እሱን ዘገምተኛው ላይ አድርገህ ቁልቁለት እንዳትወርድ፣ ሞተሩ አይዝልህም።" እውነቱን ነው፣ ዘገምተኛው ላይ ሲሆን ጎማው በነጻ ይሮጣል፣ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ቀጥሎ ምን ልታርስበት ነው አለኝ። አላርስበትም፣ ላስቀምጠው ነው አልኩት። ዝም አለ። "ትራክተር ይቀመጣል እንዴ?"

የኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ለክብደት ጨዋማ ፈሳሽ ተሞልቷል፣ ቸርኬው ከውስጥ ተበልቷል። ሁለት ቸርኬ፣ ሁለት ጎማ፣ የሃይድሮሊክ ላስቲክ፤ በወረቀት ስደምረው ከፎርዱ ዋጋ በለጠ። በሂሳብ ከሄድን ፎርዱን ትቶ ሌላ ጤነኛ ኤይት ኤን መፈለግ ነበር የሚያዋጣው፣ ደግሞም ይገኛል። እንደ ንግድ ለሚያስበው ሰው ይሄንኑ ነው የምመክረው። እኔ ግን 3,800 ላይ ተስማምቼ የሽማግሌውን እጅ ጨበጥኩ፣ ከዚያም የፎርድና የፈርጉሰን ታሪክ ትዝ አለኝና ወረቀት ላይ አስፈረምኳቸው።

ማሲው ቅዳሜ መጣ። ጋራዡ በር ላይ ስናደርሰው ለካ የቀድሞው ባለቤት ማርሚታው ላይ ረጅም ቧንቧ በይዶበታል፣ በአንድ ስንዝር አላስገባ አለ። ብረት መቁረጫ ተበድሬ ማታ በባትሪ ብርሃን ቆረጥኩት። የባለቤቴ መኪና አሁን ውጭ በረዶ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ስምምነታችን እንደዚያ ነው።