ብርድና አልጀብራ

ዛሬ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርበን ከታናሽ እህቴ ጋር ለነገው ፈተና አልጀብራ ስንከልስ ዋልን። የኳድራቲክ ኢኩዌሽንን (ኤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ እኩል ይሆናል ዜሮ) መፍቻ ፎርሙላ እንደ ውዳሴ ማርያም ታንበለብለዋለች፤ ምን እንደሚሠራ ስጠይቃት ግን ዝም! ስለዚህ ዲስክሪሚናንት ላይ፣ ማለትም ፎርሙላው ውስጥ ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለችው ላይ፣ ቆየን። ቢ ስኩዌር ሲቀነስ 4ኤሲ ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለት ሪል መልስ አለ፣ ዜሮ ከሆነ አንድ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ሪል መልስ የለም፤ ይህን ካየሽ ገና ሳትሠሪው ምን እንደምትጠብቂ ታውቂያለሽ አልኳት። የመልሶቹ ድምር ኔጌቲቭ ቢ ሲካፈል ለኤ፣ ብዜታቸው ሲ ሲካፈል ለኤ መሆኑን ስታይማ "ታዲያ መልሴን በዚህ ቼክ አደርጋለኋ!" ብላ ዘለለች። (ይቺን ነገር ክፍል ውስጥ ለምን ቶሎ እንደሚያልፏት አይገባኝም።) ሎጋሪዝም አላስቸገረንም። የሎጎች ድምር የብዜት ሎግ ነው፣ የድምር ሎግ አይደለም፤ በቃ። እማዬ ቆሎና ሻይ ይዛ መጥታ "አሁንስ ልቀቃት፣ ትረፍ" አለችኝ። ልጅቷ ግን "ኢንኢኳሊቲ ይቀረናል" ብላ ደብተሯን ገለጠች።